ኃላፊ ጊዜ

በሩ ላይ ስሟ ወረቀት ነው፣ በፕላስተር የተለጠፈ፤
ከሥሩ ነሐሱ አለ፣ የፕሮፌሰሩ ስም የተጻፈ።
እሱ ፈቃድ ላይ ነው፣ መጽሐፍ ሊጨርስ፤
ኔሪስ ወንበሩን ትጠብቅለታለች፣ ሰኔ እስኪደርስ።

የካርዲፍ ዝናብ መስኮቱን ይደበድባል።
«የሮማ ቆንስል ሹመቱ አንድ ዓመት ብቻ ነው፤
ዓመቱ ግን በስሙ ይጠራል።»
ማርከሩ እጇ ላይ ደረቀ።
ግዊሊም ከኋላ፦ «ዓመቱ ሲያልቅስ፣ ወዴት ይሄዳል?»
«አውራጃ ይሰጡታል» አለች፣ «ዕጣ ከወጣለት።»
ከላከቻቸው ሦስት ማመልከቻዎች አንዱም አልተመለሰላት።

ማታ የላቲን ፈተና ስታርም
ከአንድ ግሥ አጠገብ «ኃላፊ» ብላ ጻፈች፤
ቀይ ብዕሯን እንደያዘች ቆየች።
የክፍሉ ኃላፊ ጃንጥላውን እያራገፈ፣ «ደህና እደሪ» አላት፤
ኃላፊውስ እዚያው ነው፤
አላፊዋ እሷ ናት።