በሁለቱ ክፍሎች መሐል

ሙስካት፣ ባሕሩ ዳር፣ አራተኛው ፎቅ ላይ፣
ሁለት ክፍል አለ፣ በር ለበር የሚተያይ።
አንደኛው ቡድን በቀኝ፣ አንደኛው በግራ ገባ፤
መሐል ያለው መተላለፊያ የኔ ነው፣ የሉባባ።
አርባ ሁለት እርምጃ ነው፣ ለክቼዋለሁ በመጥረጊያ፤
ከዚያ ወዲህ፣ ከዚህ ወዲያ።

ፊት ለፊት አይተያዩም።
በአንድ ማሰሮ ሻይ እንኳ አይጠጡም።
ሽማግሌው ብቻ፣ ያ ነጭ ዲሽዳሻ የለበሰው፣
ወረቀት ይዞ ሲመላለስ ነው ቀኑን ሙሉ የማየው፤
ጫማው ምንጣፌን አሳሳው።

አንድ ቀን ቆም ብሎ ውሃ ለመነኝ፤ ሰጠሁት።
በአንድ ትንፋሽ ጨለጠና ብርጭቆውን ተቀበልሁት።
እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ አየሁት።

የሚያወሩትን ማን ይነግረኛል? ጠራጊ ነኝ።
ማታ፣ አልጋዬ ላይ፣ የስልኬ ዜና በአማርኛ ተረጎመልኝ፤
"ዩራኒየም ማበልጸግ" ሲል ሳቅ አፈነኝ።
እኔም ለመበልጸግ ነበር ከኮምቦልቻ የወጣሁት፤
ስድስት ዓመት እንደ ማሽናቸው ስሽከረከር፣ ስንት በመቶ ደረስሁት?
የወንድሜ የትምህርት ቤት ክፍያ፣ የእናቴ የዓይን መድኃኒት፣
ግማሽ ጣራ ቆርቆሮ፣ ግማሹ ገና ክፍት።
ብደምረው ሦስት በመቶ ነኝ፤
ለመብራት እንጂ ለቦምብ አልበቃ፣ ማንም አይፈራኝ።

ውልም ቢሆን አውቃለሁ።
ኤጀንሲው ቤት፣ ደረጃው ሥር፣ ቆሜ ፈርሜአለሁ።
"እንግዳ ተቀባይ" ይል ነበር፣ በአማርኛ፣ በጥሩ ጽሕፈት።
ስደርስ ሌላ ወረቀት ጠበቀኝ በሌላ ቋንቋ፤
ፓስፖርቴ መሳቢያ ገባ፣ ቁልፉ ከሥራ አስኪያጁ ወገብ ሲንቋቋ።
"የፊተኛውስ ውል?" ብለው፣ "የቱ?" አለኝ። አልዋሸም፤
ያ ወረቀት እሱ ዘንድ ደርሶ አያውቅም።

እና በቀኝ ያሉት "ፈርመን ነበር፣ ቀደዱት" ሲሉ፣
በግራ ያሉት "ሲፈርሙም ይደብቁ ነበር" ሲሉ፣
ጉዳዩ አዲስ አይሆንብኝም።
ለሁለቱም አዝናለሁ፤ ለአንዳቸውም አልመሰክርም።
በእኛ አገር ውል ፊርማ ነው፤ የክርም ጫፍ ውል ይባላል፤
ውሉ የጠፋ ልቃቂት፣ በጎተቱት ቁጥር ይተበተባል።
እነሱ ግን ይጎትታሉ።

አንድ ነገር ብቻ ያስፈራኛል፣ ከቦምቡ ይልቅ።
የዚህ አገር ውሃ ከባሕር ነው፤ ጨውን አጥበው ነው የሚጠጣ፤
ማዶ ያለው እቶን ቢሰነጠቅ፣ ማን ያጥበዋል ያን ጣጣ?
ይህን የጠየቀ የለም በበሩ ስንጥቅ እስከሰማሁት።

ሐሙስ ማታ "እሑድ እንመለሳለን" ብለው ተለያዩ።
ቅዳሜ ሌሊት ኩሽናው ውስጥ ሁሉም ስልኩ ላይ አቀረቀረ፤
ፊሊፒናዊቷ አለቀሰች፣ ኬራላዊው ወጥ ቤት ሚስቱ ጋ ሊደውል ሞከረ፣
መስመሩ ተጨናንቆ ቀረ።
ከመስኮቱ ባሕሩ እንደ ወትሮው ጥቁር ነበረ።

እሑድ ጠዋት መመሪያ አልተለወጠም፤ ሁለቱንም ክፍል አዘጋጀሁ፤
በቀኝ ስድስት ብርጭቆ፣ በግራ ስድስት ደረደርሁ፣
እስክሪብቶውን ከወረቀቱ ጎን አስተካከልሁ።
ማንም አልመጣም።

ከቀትር በኋላ ሽማግሌው ብቻ መጣ፣ ባዶ እጁን።
ሃያ አንደኛው እርምጃ ላይ ቆመ፣ መሐሉን።
ወደ ቀኝ አየ። ወደ ግራ አየ። ወደ እግሩ አየ።
"ምንጣፍሽን አሳሳሁት" አለኝና ሄደ።

ሲመሽ ያልተነካውን ውሃ፣ ዐሥራ ሁለቱን ብርጭቆ፣
አልደፋሁትም።
አንድ በአንድ ወደ ጄሪካን ገለበጥሁ፣
ክዳኑን አጥብቄ አልጋዬ ሥር አስቀመጥሁ።