ብዛት፦ አንድ

ከመናኸሪያው ማዶ፣ ከግንቡ ጥላ ሥር
ጋዜጣ አከራያለሁ፣ ለሰዓት አሥር ብር።
ድንጋዩ በነጻ ነው፦ አንዱ መቀመጫ፣
ሌላው ለዚህ ነፋስ፣ ለወረቀት መርገጫ።
(የአዳማ ነፋስ ነው፤ ካልረገጡት በቀር
ደመወዝና ማዕረግ ይዞ ነው የሚበር።)

ከሚያነቡት ይልቅ ገበያውን አውቃለሁ፤
ማን እንደሚፈለግ ስዘረጋው አያለሁ።
ሒሳብ ያዥ አይጠፋም ከሰኞ እስከ ዓርብ፤
ሾፌርና ጥበቃ፣ በየዓምዱ ድርብ።
የእርሻ ሥራ አስኪያጅ ግን እንደ በልግ ደመና
ወር ሙሉ ያስጠብቅና
አንድ ጠብታ ይጥላል፣ ከታች፣ ከጠባቡ ዓምድ፦
«የእርሻ ሥራ አስኪያጅ። ብዛት፦ አንድ።
ልምድ፦ አሥር ዓመት። ዕድሜ፦ ከአርባ ያልዘለለ።
ደመወዝ፦ በስምምነት።»
ሌላ ምንም አላለ።

ማክሰኞ ማክሰኞ ይመጣል ጋሽ ወርዶፋ፣
ባርኔጣውን ይዞ ከነፋሱ ሲጋፋ።
ሃያ ሦስት ዓመት አዋሽ ዳር፣ እርሻ ላይ፣
ሽንኩርት ሲያብብ ሲያድር፣ ጥጥ ሲፈነዳ ሲያይ፣
ሁለት መቶ ሰው ሲያሰማራ በፊሽካ
ኖሮ፣ ባለቤቱ ሲሞቱ፣ ወራሽ መሬት ሲለካ፣
ፓምፑ ተነቀለ፤ ቦዩ በአፈር ሞላ፤
ለእሱ የደረሰው ፊሽካው ነው በኋላ።
ዛሬም ከኪሱ አለ። ሲያነብ በጣቱ ያሻሸዋል፤
ዓምዱን ፈር በፈር ከላይ እስከ ታች ያርሰዋል።

«ቆላ ውረድ» ይሉታል፤ እሱ ቆላውን መች ጠላው!
«ከአርባ ያልዘለለ» የምትል መስመር ናት ያጣላው።
ሃምሳ አንድ ሞላው በሚያዝያ። ጥርሱን በመፋቂያ ይፍቃል፤
«ብርቱካን እንኳ» ይለኛል፣ «በዚህ ዕድሜው ማፍራት ያውቃል።»

ባለፈው ሳምንት ግን ዕድሜ ያልጠቀሰ ድርጅት ጠራው።
ስድስተኛ ፎቅ ነው፤ ሊፍቱን መብራት ከዳው።
በእግሩ ወጣ። ኮሪደሩ ላይ አርባ ሰባት ሰው
ለ«ብዛት፦ አንድ» ተኮልኩሎ፣ ፋይሉን በላቡ ሲያርሰው፤
ከሐዋሳ ተመርቀው ባጃጅ የሚነዱ ልጆች፤
ዲግሪያቸው በፕላስቲክ፣ ግሪስ የነካቸው እጆች።
አንዱ ከመሃል ተነሣ፦ ለሚ። ብርቱካን ማዳቀል
ያስተማረው ልጅ ነው። ወንበሩን ለቀቀለት፤
ከሰልፉ ግን ማን ይነቀል!

ገባ።
«ኮምፒውተር ላይ እንዴት ነዎት?» አለችው አንዲት ወጣት።
እሱ ግን መስኮቱ ዳር አይቷል የአንዲት ተክል ቅጣት፦
ቢጫ ሆና፣ በሸክላ ውስጥ፣ እስከ አንገቷ የሰጠመች።
«ማነው» አለ፣ «ይህችን በየቀኑ የሚያጠጣት?
ጠግባ ነው እንጂ ተርባ አይደለም የታመመች።»
ሳቁ።
«እንደውላለን» አሉት። ፊርማውን አኖረ፤
ሳምንት ሙሉ ስልኩን ከጆሮው ሥር አሳደረ።

ዛሬ፣ ገና ሁለተኛው ዓምድ ላይ ሳለ፣ ስልኩ ጠራ።
ብድግ ሲል ባርኔጣውን ነፋስ ወሰደው፣ ወደ ባጃጆቹ ተራ።
«አቤት... አዎ፣ ወርዶፋ ነኝ... አዎ፣ አስታውሳለሁ...
የለም፣ አራት ቀን ውኃ እንዳታሳዪያት።
ከሸክላው ሥር ያለውን ቀዳዳ በስንጥር ክፈቺው።
ቢጫውን ቁረጪ፣ አይዞሽ፣ አያማትም።
ካልዳነች ደውዪ... አለሁ።»

ስልኩን ኪሱ ከተተ። ቆመ ለአንድ ቅጽበት።
«ሥራ ነው?» አልኩት።
«ሥራስ ሥራ ነው።»
«ደመወዙስ?»
«በስምምነት።»

ባርኔጣው አስፋልቱ መሃል በጎኑ ይንከባለላል፤
ጎማ ከጎማ ሲያመልጥ፣ አንዴ ይተኛል፣ አንዴ ይዘላል።
ጋዜጣውን አጠፈ፣ ድንጋዩን መለሰ፣
አሥሬን ብር ቆጠረ፣ ከመንገዱ ዳር ደረሰ፤
ከኪሱ ያንን ፊሽካ አወጣና ነፋ፤
ባጃጁ ሁሉ ቆመ፣
ለአንድ ባርኔጣ፣
ለጋሽ ወርዶፋ።