ከአንድ እስከ ዐሥር

ሰንበት ባለፈ ማግሥት፣ ነቲቮት፣ ክሊኒኩ ሳይከፈት፣
በሩ ላይ ቆመዋል፤ ግማሹ በምርኩዝ፣ ግማሹ በትዕግሥት።
የእኔ ሥራ ማስተርጐም ነው፤ በሁለት ወንበር መሃል
አፍ ሆኖ መቀመጥ፣ ለሕመም መፈለግ ቃል፣
ቃሉ ከጠፋም የቃል አምሳል።

ጋሽ ባዩ ቀድመው ገቡ፤ ልጃቸው በስልኳ ቀጠሮ ይዛላቸው፤
እሳቸውማ ቢጠየቁ፣ ምንም የለባቸው።
ዶክተር ላሪሳ «እንደምን ነዎት?» ስትል፣
«እግዜር ይመስገን፣ ደህና ነኝ፤ እርስዎስ? ቤተሰቡስ?»
እንዳለ ተረጐምኩት።
«ደህና ከሆነ ታዲያ፣ ለምን መጣ?» አለች፣
ዓይኗን ከኮምፒውተሩ ሳትነቅል።
እንዴት ብዬ ልንገራት ይህ «ደህና» ደጃፍ መሆኑን፣
ሰው እዚያ ሳይቆም እልፍኝ አይገባም።

ሸሚዛቸውን ሲያወልቁ ጀርባቸው ላይ ክብ ክብ ጥቁረት፣
ሰባት ማኅተም ተደርድሮ ብታይ ያዛት ድንጋጤ፤
«ማን ነው የመታው? ለፖሊስ ይነገር?»
ጋሽ ባዩ ሳቁ፤ «ዋግምት ነው፣ የጎረቤቴ እጅ፤
ለወገቤ እሷ ጋ ሄጃለሁ፤ እዚህ የመጣሁት ለልጅ።»

ትርንጎ የሠርግ አዳራሽ ወለል ታጥባለች፣ ሙሽራው ከሄደ ማታ።
ወገቧ ከፋሲካ በፊት ነው የያዛት፤ ስትሠራ ከርማለች ጥርሷን ነክሳ፣ ተግታ።
ዛሬ የመጣችው አለቃዋ «ወረቀት አምጪ» ስላላት ነው፤
ሕመሙማ ሐኪም ቤት አላደረሳትም፣ ያደረሳት ማስረጃው ነው።
«ሦስት ቀን» ተጻፈላት። አጥፋ ከጡቷ ሥር ከተተች፤
የመድኃኒቱን ማዘዣ ጠረጴዛው ላይ ረስታ ወጣች።

ኤላድ ግን እኔን አልፈለገም፤ እዚሁ ተወልዶ፣ እዚሁ ተምሮ፣
በራሱ አፍ «ሰባት ተኩል» አለ፣ ግማሿን ሳይቀር ቆጥሮ።
ወዲያው ወደ ቤርሳቤህ ተላከ፣ አከርካሪው በማሽን ሊታይ፤
ቁጥር ያወቀ ፎቶ ይነሣል፤
ያላወቀ ክኒኑን ይዞ ይወጣል ወደ ፀሐይ።

«ከአንድ እስከ ዐሥር ስንት ያመዎታል?» እማማ ይሰይን ጠየቅኋቸው።
«ዐሥሩ ምንድን ነው ልጄ? መስፈሪያው ቁና ነው፣ ጣሳ ነው?»
«ዐሥር ማለት» አልኩ፣ «ከዚያ በላይ ሕመም የሌለው።»
ዝም አሉ። የነጠላቸውን ጫፍ በጣታቸው ጠቅልለው፣
«እንግዲያስ ሁለት በያት» አሉ፤
«ዐሥሩን ቀምሼዋለሁ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«አዝዬው አላመመኝም። ተራራውን ስወርድ፣ አሸዋውን ሳቋርጥ፣
ትንፋሹ አንገቴን ያሞቀኝ ነበር።
ያመመኝ ካወረድኩት ወዲህ ነው።
ዐፈሩን ከአንቀልባው አራግፌ፣ ባዶውን ታጥቄ ስነሣ፣
ወገቤ ያን ክብደት ፈልጎ ወደ ኋላ ዞረ፤
ይኸው እንደ ዞረ ቀረ።»

ዶክተሯ ትጠብቀኛለች፣ ጣቷ ቁልፉ ላይ እንደ ቆመ።
«ከአርባ ዓመት በፊት» አልኳት። ሌላውን አፌ ውስጥ አስቀረሁት።
«ሥር የሰደደ» ብላ ጻፈች።
አልተሳሳተችም።

የሥዕል ወረቀትም ሰጠቻቸው፤ ፊት የሌለው ሰው በጀርባው ተጋድሞ
ጉልበቱን ያጥፋል፣ ይዘረጋል፣ ጠዋት ዐሥር ጊዜ፣ ማታ ደግሞ።
እማማ ይሰይ አገላብጠው አዩት፤ «ሥራ የለውም ይህ ሰው?
እንዲህ ተንጋሎ ሲውል ልብሱን የሚያጥብለት ማን አለው?»

ያልመጡትን ማን ይቆጥራል?
ካሮት ማሸጊያው መስመር ላይ፣ ከንጋት ቆመው የሚውሉ፣
ፈረቃ እንዳይቀነስ ብለው ወገባቸውን በሻሽ ያሰሩ፣
«ጠንካራ ናቸው» የሚባሉ።

ማምሻውን ክፍሉ ሲዘጋ፣ የትርንጎ ማዘዣ ወለሉ ላይ ወድቆ አየሁት፤
ላነሣው ጎንበስ አልኩና፣ እዚያው እንዳለሁ ቀረሁ፣
ጠረጴዛውን በአንድ እጄ ይዤ።
«ምን ሆንሽ?» አለች ላሪሳ፣ ካፖርቷን እየደረበች።
አፌ ሳልጠራው ቀደመኝ፣ ያውም በአማርኛ፦
«እግዜር ይመስገን፣ ደህና ነኝ።»