ቆጣሪ

ከሌሊቱ አሥራ አንድ፤ ማንም ሳይጠራኝ
እግሬ ቀድሞ ነቅቶ እኔን ቀሰቀሰኝ።
ካልጋው ሥር ጫማውን በጨለማ ዳሶ
«ዛሬስ ስንት ዙር ነው?» አለኝ ተመልሶ።
ምን ብዬ ልንገረው? እግር ወሬ አይሰማ፤
ሐኪሙ ሲነግረኝ እሱ ደንዝዞ ነበር፣ አላዳመጠማ።

አሥራ ሁለት ዓመት በሌላ ሰው ሰዓት፣
በሌላ ሰው ፉጨት፣ በሌላ ሰው እራት።
ጋሼ መኳንንት ነው ቀኔን የሚቆርሰው፦
ይህ ለጎሃ ዳገት፣ ይህ ለአዘዞ ሜዳ፣ ይህን ተኛበት ሲል እየመጠነው።
የኔ ሥራ መጉረስ ነበር።
ቀን ለካ ሙሉ ዳቦ ነው፤ ይህን ያወቅሁት ቆራሹ ሲቀር።

እናም አንድ ሰኞ ቀኑ እንዳለ መጣ፣
ሳይቆረስ፣ ሙሉውን፤ የምይዝበት ባጣ
ተኛሁ እስከ ምሳ፤ ከምሳ እስከ ማታ
ቀሃ ድልድይ ቆሜ ባጃጅ ስቆጥር ዋልሁ።
ያለፈ ያገደመው «ሯጩ!» ይለኛል በሰላምታ፤
እጄን አነሳለሁ፣
ለጎረቤቱ የመጣ ደብዳቤ እንደሚቀበል ሰው።

እናቴ ሜዳልያውን ቡፌው ውስጥ ሰቀለችው፣
ከሞተው አጎቴ ፎቶ አጠገብ አደረገችው።
ሁለቱም ያምራሉ።
ሁለቱም ዝም ይላሉ።

በሦስተኛው ወር ውሃ አገልግሎት በር ላይ ወረቀት አየሁ፦
«ቆጣሪ አንባቢ። አሥረኛ ክፍል የጨረሰ። በእግሩ መሄድ የሚችል።»
ብቻዬን ሳቅሁ።
ሩጫ ነው እንጂ የተከለከለን፣
መሄድስ ማን ነፈገን?

የኔ ርቀት መሰናክል ነበር፤ ሃያ ስምንት እንጨት፣ ሰባት ጊዜ ውሃ።
ረገጥሁት እንጂ አንድም ቀን አልጠየቅሁት፦
ከየት ነህ፣ ወዴት ነህ፣ አንተ ውሃ?
አሁን በየበሩ እሱን እጠይቃለሁ፤
ብልኮ፣ ሎዛ፣ ሳሙና በር፣ እወጣ እወርዳለሁ፣
ዝገት የበላውን ክዳን አነሳለሁ፣
የመስታወቱን ጭቃ በአውራ ጣቴ እጠርጋለሁ።
ከሥር አንዲት ቀይ ኮከብ ትዞራለች፣
የጤፍ ታላቅ፣ የሽንብራ ታናሽ።
ዙር። እንደገና ዙር። ማንም አያጨበጭብላትም፤
የመጨረሻ ዙር ደወልም የላትም።

መጀመሪያ ሰሞን እየሮጥሁ አነበብሁ፤
የወሩን በሳምንት ጨርሼ ቢሮ ቀረብሁ።
አለቃዬ እንጉዳይ ብዕሯን አስቀምጣ
«ማንን ቀደምህ?» አለችኝ።
መልሱ ከኔ ታጣ።

ወይዘሮ አዛለች ደግሞ ቢሉን እያወዛወዘች ጠበቀችኝ በሩ ላይ፦
«አንተ ልጅ፣ ፈሪሃ እግዜር የለህም ወይ?
አሥር ቀን ጠብታ አልመጣ፤ ቧንቧው ሲያፏጭ ነው የከረመው፤
ይህ ቆጣሪ ታዲያ ምን አይቶ ነው የሚቆጥረው?
አየር ነው! አየር እየቆጠረ ነው የሚያስከፍለኝ!»
ልከራከር አፌን ከፈትሁ፣ ሳቅ ቀደመኝ፤
ከዚያ ሳቁም ቆመ።
ቀሃ ድልድይ ላይ ማን ነው አየር ሲቆጥር የከረመ?
ቅሬታዋን ጻፍሁላት፣ ቀስ ብዬ፣ በጥሩ እጅ ጽሑፍ፤
ቁጭም አልሁ ደጃፏ ድንጋይ ላይ፣ ጉልበቴ ትንሽ እንዲያርፍ።

በስታዲየሙ አጥር ሳልፍ ግን፣ ልጆቹ ሲነሱ፣ ዛሬም አውራ ጣቴ
ባዶ ኪስ ውስጥ ሰዓት ይጫናል፤
አልተወኝም እቴ።

ዛሬም አሥራ አንድ ሰዓት እግሬ ቀሰቀሰኝ፤
«ስንት ዙር ነው?» አለኝ።
«መቶ አርባ በር» አልሁት። ዝም አለ። አሰበ።
ግራውን አስቀድሞ ጫማውን ሳበ።