ማርማላታው ካረረ በኋላ

«ማማሰል ብቻ ነው፤ ሌላም የለህ ሙያ፤
እሳቱን አትንካው፣
አትልቀቅ ማማሰያ»
ብዬው ነበር ስወጣ፤
እህቴን ልጠይቅ ጼልዬ ደርሼ
በማታው ባቡር ነው የመጣሁ ተመልሼ።
ድራቫ ድልድይ ላይ፣ ገና ሳልሻገር፣
የፕቱይ ነፋስ አቀበለኝ አንድ የማውቀው ነገር።
«የሰው ቤት ይሆናል» ብዬ ተጽናናሁኝ፤
እግሬ ግን አላመነም፣ ጥሎኝ ሮጠብኝ።
ፎቃችን ሥር ስደርስ ጎረቤት በሙሉ
«ዳሪንካ፣ ያንቺው ነው» ከመስኮት ይላሉ።

ስድስት ኪሎ ፕሪም፣ ዘሩን የፈለቀቅሁ፣
ስኳር የመዘንሁ፣ ቀረፋ የነሰነስሁ፣
ከድስቱ ሥር ቀርቷል፣ ሬንጅ መስሎ ጠቁሮ፤
ዝቮንኮ ከጎኑ፣
ማማሰያ ይዞ፣ እንደ ተማሪ አቀርቅሮ።
«ምን ስትሠራ ነበር?»
«ምንም።»
በአርባ ዓመት ትዳር ስንት «ምንም» ሰማሁ፤
ይህንንም እንደዚያው
ከሌሎቹ ጋራ አጥፌ አስቀመጥሁ።

ከዚያ ወዲያ ጦርነት።
መስኮት በረገድሁኝ፤ የጥቅምት ውርጭ ገባ፤
ሽታው መች ሊወጣ፣
ብርዱን ደረበው እንጂ እንደ ክት ካባ።
ኮምጣጤ አፈላሁ፤ ቤቱ ሰላጣ ሸተተ፣
ያረረ ሰላጣ።
ሶዳ በየሳህኑ፣ በየጥጉ ባኖር
ከድመቷ ማስነጠስ በቀር ለውጥ አልነበር።
መጋረጃ አጠብሁ፣ ምንጣፍ ደበደብሁ፣
አምፖሉን ሳይቀር ፈትቼ ወለወልሁ።
የታችኛዋ ዝላትካ ከሰል ላከች በሳህን፣
«ሽታ ይጠጣል» ብላ።
እስቲ ያረረ ነገር
በምን አንጀቱ ነው የሚያጽናና ያረረን?

በስድስተኛው ቀን ጠፋ አልን፣ ተሳሳቅን።
በሰባተኛው ማታ
ከመኝታ ቤት በኩል፣
እንደ አበዳሪ፣ ሳያንኳኳ መጣ።

የዝላትካ የልጅ ልጅ፣ የሰባት ዓመቷ ኔዣ፣
«እኔ አገኘዋለሁ» አለች፤
አፍንጫዋን አስቀድማ፣ እጇን ከኋላ አጣምራ፣
ክፍል ለክፍል ዞረች።
ሶፋውን አለፈችው፣ ካፖርቶቹን ናቀች፣
ከቁም ሣጥኑ ጀርባ፣ ከጠባቡ ቆመች።
«እዚህ ነው» አለች ልጅት።
የዝቮንኮ ፊት ነጣ፣ ልክ እንደ ዱቄት።

ጥቁር ሣጥን ወጣ፣ አቧራ ያልለበሰ፤
(ሰው የማይነካው ዕቃ አቧራ ይለብስ ነበር!)
ከሣጥኑ አኮርዲዮን፣
ድሮ «ሸጥሁት» ያለኝ፣
ሁለት ጣቱን የፉርጎ መንጠቆ የነከሰ ጊዜ
«ከእንግዲህ ምን ሊረባ» ብሎ የማለልኝ።

«ክፈተው» አልሁት። ሳበው።
ዜማ አልወጣም በፊት፤ ትንፋሽ ነው የወጣው፣
ረዥም፣ ሞቅ ያለ፣
ስድስት ኪሎ ፕሪም በአንድ ጊዜ ያረረው።
ለካ የዚያን ዕለት፣
ድስቱ እየጨሰ፣ እሱ ምድጃው አጠገብ
በቀሩት ሦስት ጣት
ሲፈልግ፣ ሲደናበር፣ ደግሞም ሲያገኝ ድንገት፣
ወናፉ ጢስ ስቦ፣ ሆዱ ውስጥ ቆልፎ
ተኝቷል ሙሉ ሳምንት።

ኮምጣጤ አይገባውም፣ ሶዳ አይደርስበትም፤
ወናፍ ከመተንፈስ ሌላ መድኃኒት የለውም።
ስለዚህ ማታ ማታ
ሰገነት ላይ ወንበር አወጣለታለሁ፣
ካፖርት አለብሰዋለሁ።
ጣት በጎደለበት ዜማው ያነክሳል፤
ከድራቫ የመጣ ንጹሕ ብርድ ይስባል፣
ጢሱን ይመልሳል።
ዝላትካ የሰገነቷን ብረት በመጥረጊያ ትመታለች፤
«ከሰል ጩኸት አይጠጣም!» ትላለች።

ሲጨርስ ወናፉን ወደ እኔ ያዞራል፤
«አሁንስ?» ይለኛል።
ጎንበስ ብዬ፣ ዓይኔን ጨፍኜ አሸታለሁ፦
ያረጀ ቆዳ፣ የወንዝ ብርድ፣ የሰውዬው ላብ፤
ሌላ ምንም።
«ገና ነው» እላለሁ።