የማጭዱ ጠዋት

መንገዱ በር ላይ አለቀ፤ በሩ በሽቦ የታሰረ፤
ከበሩ ማዶ ጭቃ፣ ከጭቃው ማዶ ባሕር ነበረ።
ሪፔካ መጣች በቦቲ ጫማ፣ እጇን በሱሪዋ ጠርጋ፤
«ሻንጣህ ጎማ አለው? እዚህ አይሠራም» አለች፣ ሳቋን ሸሽጋ።

የኒውዚላንድ ደቡብ፣ የባሕር ወሽመጥ ዳር፣
አንዲት ጎጆ በቆርቆሮ፣ ጣሪያዋ ዝናብ የሚቆጥር።

ሕጉን ነገረችኝ ቆማ፦
መብራት ከፀሐይ ነው፤ ፀሐይ ከሌለ ሻማ።
ውኃው ከጣሪያ ነው፤ ጋኑን አንኳኩተህ ስማ፤
ድምፁ ከደነዘ ታጠብ፣ ከጮኸ ግን ታገሥ፤
መጸዳጃው ጉድጓድ ነው፤ ስትጨርስ አንድ ጣሳ ሰጋቱራ መልስ።
ጉድጓዱ እንኳ፣ እዚህ፣ ውለታ ይቆጥራል።

እሺ አልኩ። እሺ ማለት ይቀላል።

በዚያው ማታ ስልኬን ሰካሁ፣ ኮምፒዩተሬን ሰካሁ፣
ውኃ ማፍያውን ሰካሁ፤
ሦስት ሰዓት ላይ ጨለመ፤
የኔ ጎጆ፣ የሪፔካ ቤት፣ ታች ለፈተና የሚያጠናው
የታማቲ መስኮት።
ማንም አልጮኸብኝም። የከፋው እሱ ነው።
ልጁ ሻማ ይዞ መጣ፤
«ይሁን፣ ዛሬ ኮከብ ይበዛልሃል» ብሎኝ ወጣ።

ወጥቼ ቀና አልኩ። ደመና።
ጉጉት ብቻ፣ ሁለቴ፣ እንደ መርማሪ ዳኛ።

ዕዳውን ሊከፍል ማልዶ እንደ ተነሣ እንግዳ ያለ አደጋ የለም።
ማጭድ ከጓሮዋ አንሥቼ ወጣሁ ወደ ቁልቁለቱ፤
ቢጫ አበባ የለበሰ እሾህ ሞልቶታል እስከ አናቱ፣
ከባሕር ማዶ የመጣ፣ አገር ሁሉ የሚረግመው አረም።
ሁለት ሰዓት አጨድኩ። እጄ ደማ፤ ደስ አለኝ።
ላቡ እንደ ይቅርታ ወረደኝ።

ሪፔካ ከታች አየችኝ፤ የማትሮጠው ሴት ሮጠች።
ደርሳ አልተናገረችም፤ ተንበርክካ
የወደቀውን እሾህ በባዶ እጇ ገለጠች።
ከሥሩ ጉልበት የምትደርስ የማሆ ችግኝ፣
አንገቷን የቆረጥኳት።
አጠገቧ ሌላ።
አጠገቧ ሌላ።

«አባቴ ይህን ተራራ ለበግ ሲል አቃጠለው፤
ሣሩ አልቆ በጉ ሲሄድ፣ እሾህ መጥቶ ወረሰው።
እኔም ማጭድ ነበረኝ፤ እስኪሰለቸኝ መነጠርኩ፤
አንድ ዓመት ታምሜ ብተወው፣ ከሥሩ ደን በቅሎ ደረስኩ።
እሾህ ሞግዚት ነው። ነፋስ ይመልሳል፤ ጥላ ያለብሳል፤
ያሳደገው ዛፍ ፀሐዩን ሲነሣው፣ ሳያጉረመርም ይሞታል።»

እኔ የማውቀው እሾህን በእሾህ መንቀል ነበር።

«ስንት ገደልኩ?» አልኳት። ቆጠረች፤ ግን በዓመት፦
«አራት። እዚያ ጋ አምስት። ይቺ ስድስት ነበረች።»

ቅጣቴን ስጠብቅ፣ ማታ
የብረት ገንዳ ውጭ ጥዳ ውኃ ሞላችበት፤
ያጨድኩትን እሾህ ከሥሩ አስገብታ እሳት ለቀቀችበት።
እርጥቡ እንደ ደረቅ ነደደ፣ እየተንጣጣ፣ እየዘለለ።
«ግባ፤ ቁስልህን ታጠብ» አለች።
ገባሁ፤ በገዛ ጥፋቴ ሞቄ ተቀመጥኩ።

ትልቅ የዱር እርግብ በላዬ አለፈች፣
ክንፏ እንደሚራገፍ አንሶላ፤
ዘር በልታ ጠግባ፣ ወደ እሾሁ ወረደች፤
የምትጥለውን እዚያው ትጥላለች፣
ማንም ሳያመሰግናት።

ጎጆው ውስጥ መዝገብ አለ፤ የሚሄድ ሰው ይሞላዋል፦
ውኃ፦ ግማሽ።
ባትሪ፦ ስልሳ አምስት።
ያየሁት፦ እርግብ፣ አንድ።
ከታች አንድ መስመር ጨመርኩ፣ መዝገቡ ያልጠየቀኝን፤
ያላየሁት፦ ደን፤
ቆሜበት።