የወጥ ቤት ዐረብኛ

ዶሃ፣ ከባሕሩ ዳር፣ አሥራ አንደኛ ፎቅ፣
ምንጣፉ ኮቴ ውጦ ሰው ሲገባ የማይታወቅ፣
ከመስተዋት ሣጥን ውስጥ ማዳመጫ ደፍቼ
ተቀምጫለሁ ዛሬ፣ ሁለት አፍ ከፍቼ።
ደረቴ ላይ ስሜ አለ፣ «ዘሀራ ይመር፣ ተርጓሚ»፣
ለሰው ቃል አቀባይ ነኝ፣ ለራሴ ዝምተኛ ሰሚ።

«የአጋርነት ጉባኤ፣ ለአፍሪካ ዕድገት»
ይላል የበሩ ጨርቅ፣ ባለ ወርቅ ጽሕፈት።
ከኪጋሊ የመጡ አሉ፣ ከዳካር፣ ከሉሳካ፣
የኛም ሰው አቶ ደምመላሽ ክራቫቱን እየነካካ።
ማሾ ነው የያዘው ጉዳይ፦ ማበጠሪያ፣ ማሸጊያ፣
ከከሚሴ ቁልቁል ሊተከል፣ ከቡርቃ ሜዳ መግቢያ።
ገንዘቡ ከዚህ አገር ነው፣ ዋስትናው ከፈረንጅ፣
መሬቱና ጉልበቱ ከኛው ከራሳችን ደጅ።

ሣጥኑ ውስጥ ሕግ አለ፦ ተርጓሚ አይጨምር፣ አይቀንስ፣
ሳል ቢመጣው ይዋጠው፣ ዕንባው ከዓይኑ ይመለስ።
«የግል ዘርፍ» በሚሉበት ምላሴን እጠብቃለሁ፣
ትንሽ ቢያዳልጠኝ «ዘረፋ» እላለሁ።

የት ተማርሽው ይሉኛል። ዲፕሎማ አለኝ፣ ኋላ የመጣ፤
ፊደሉ ግን ከወጥ ቤት ነው፣ ከቁጣ በኋላ ቁጣ።
ሰባት ዓመት፣ አል ራያን፣ ከማማ ሙዛ ቤት፣
«አምጪ»፣ «ውሰጂ»፣ «ነይ»፤ ትእዛዝ አንቀጽ ብቻ የሚረባበት።
«ነገ» የሚለውን ቃል ያወቅሁት በስድስተኛ ወሬ፣
ደሞዜን የጠየቅሁ ዕለት፤ ይሰማኛል እስከ ዛሬ።

«ኢንቨስተር ሥጋት አይወድም» አለ አንዱ፣ ባለ መነጽር።
ተረጎምሁት። ውስጤ ግን ጀመረ ሌላ ነገር።
እኔስ ምን ነበርሁ ታዲያ? በየወሩ ስምንት መቶ
ሪያል ስሰድ ለቡርቃ፣ ከወገቤ ላይ ወጥቶ፤
ጣራ ሆነ፤ የታናሼ የእንድሪስ ደብተር ሆነ፤
ወፍጮም ሆነ በመጨረሻ፤ መብራት ጠብቆ ጠብቆ መከነ።
ፓስፖርቴ ከሰው ሣጥን ነበር፣ ዋስ የሚሆነኝ ባንክ የለም፣
ሥጋቱን እንደ ኮሶ ዋጥሁት፤ ፊቴን እንኳ አላጨማደድሁም።
«ትርፍ» ሲባል እዚህ ያጨበጭባሉ። እኛ ግን ሚኒባስ ላይ
ትርፍ ማለት ወንበር ያጣ ሰው ነው፣ ጎንበስ የሚል ትራፊክ ሲታይ።

ውሉ ተነበበ። እንደ ልቃቂት ፈታሁት፣ ክሩን ሳልበጥስ፣
አንቀጽ አንድ፣ አንቀጽ ሁለት፣ አሥራ አራት እስክደርስ።
አሥራ አራት እንዲህ ይላል፦ የመብራቱ መስመር
ከዋናው ተነሥቶ ይገባል ከፋብሪካው አጥር።
እዚያው ይቆማል፤ አራት ነጥብ። ተርጓሚ እንደተጻፈ ይላል።
ከአጥሩ እስከ ወፍጮዬ፣ ልጅ ድንጋይ ቢወረውር ይደርሳል።

ክፉ ሰዎች አይደሉም። ይህንም ልናገር።
እንድሪስ ሥራ ይፈልጋል፤ ማሾውም በዝናብ ይበሰብስ ነበር።

ተፈራረሙ። ተጨባበጡ። ከሣጥኔ ወጥቼ መሐል ቆምሁ፣
ለጨዋታ ነው አሁን፤ ማዳመጫዬን ፈትቼ ጠበቅሁ።
ሽማግሌው ባለ ገንዘብ፣ አቡ ናስር፣ በትሩን ተደግፎ
ቃሌን ሰማ፤ ዓይኔን አየ፤ ጠየቀኝ ቅንድቡን አጥፎ፦
«ይህ የእናቴ አነጋገር ነው፤ እንዲህ አይሉም መጻሕፍት።
ልጄ፣ ይህን ዐረብኛ የተማርሽው ከማን ወጥ ቤት?»

ክፋት የለበትም ድምፁ። እንዲያውም ናፍቆት አለው።
አቶ ደምመላሽ ጣልቃ ገባ፦ «ምን አሉ? ምንድን ነው?»

ስድስት ዓመት ስተረጉም ቃል አልዘረፍሁም ከማንም፣
አልጨመርሁም፣ አልቀነስሁም።
«መብራቱ አጥሩ ላይ አይቁም፤ ወደ መንደሩም ይግባ አሉ»
አልሁት። ጉልበቴ ከዳኝ። እሱ ግን «ደግ ብለዋል፣ ደግ አሉ!»
ኪሱን ዳብሶ፣ በውሉ ኅዳግ፣ ከአሥራ አራት ቁጥር ጎን
አንገቱን ሰብሮ ጻፈ፤ ደቃቅ ፊደል፣ አንድ መስመር ያህል ይሆን።

ሽማግሌው አሁንም መልሴን ይጠብቃል።

በእርሳስ ነው የጻፈው።